በአፌ የሰጠሁት ፈቃድ

ማመልከቻ መጻፍ ይሆንልኛል። የሠፈራችን ሰው የውሃ ቆጣሪው ሲበላሽበት፣ የጎርፍ ቦይ ሲደፈንበት፣ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ሲጣላ ነጭ ወረቀት ገዝቶ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። «አንቺ ስትጽፊው ይሰማል» ይሉኛል፤ እኔም መኩራቴ አልቀረም። ሰቆጣ ውስጥ የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ፤ መብት ይጠየቃል እንጂ አይለመንም እያልሁ ስንት ክፍል ልጅ አስተምሬ አሳልፌያለሁ። ዛሬ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ እጄን አሞኛል ብዬ እመልሰዋለሁ። እጄ ግን ደኅና ነው።

ቤታችን ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የገበያ ቀን ከጋዝጊብላ ገጠር በእግሩ የሚመጣው ሰው ማለዳ በደጃችን ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ በደጃችን ይመለሳል። ከበራችን በስተቀኝ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የድንጋይ መደብ ነበር። አባቴ እኔ ሳልወለድ በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው። ሁለት ሰው በደንብ ያስቀምጣል፤ ሦስተኛ ከመጣ ግን አንዱ እግሩን ቦዩ ላይ ማንጠልጠል ነበረበት።

አባቴ ቄስ ናቸው። ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን ቀድሰዋል። ጉልበታቸው ከድቷቸው ቅዳሴውን ቆመው መጨረስ ሲያቅታቸው ደብሩ አመስግኖ አሳረፋቸው። ማረፍ የሚባለውን ነገር አያውቁበትም፤ ብዙ ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ስለሆንን የሚያባብላቸው ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ ማባበል አልችልበትም፣ እቆጣለሁ። አንድ የገበያ ቀን ማለዳ ግን ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ወጡና መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ያለፈው ሁሉ ጎንበስ እያለ ይሳለማቸው ጀመር። ፍየል የሚጎትተው ገመዱን በእግሩ ረግጦ ይሳለማል። ሸክም ያለባት ሴት መጎንበስ ስለማትችል ለእሷ አባቴ ራሳቸው ብድግ ብለው መስቀሉን ወደ ግንባሯ ከፍ ያደርጉላታል። በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ ያናገራቸውን በኽምጣኛ ይመርቁታል። አንዳንዱ አጠገባቸው ተቀምጦ ትንፋሹን እየሰበሰበ የታመመች ላሙን፣ አገር ጥሎ የሄደ ልጁን፣ ያኮረፈች ሚስቱን ይነግራቸዋል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ይገቡና «ዛሬስ ብዙ ሰው ነበር» ይላሉ፤ ከቅዳሴ ሲመለሱ የነበራቸው ድምፅ ተመልሶላቸዋል። «እግዚአብሔር የቆመውን አገልግሎት ቢወስድብኝ የተቀመጠ ሰጠኝ» አሉኝ አንድ ቀን። ከዚያ መደብ በስተቀር የቀራቸው ሥራ አልነበረም።

ከእኛ አንድ ቤት አልፎ ባለው ቦታ ላይ አንድ ባለሀብት ፎቅ ጀመረ። አሸዋው፣ ጠጠሩና ብሎኬቱ የእግረኛውን መንገድ ከግድግዳው እስከ አስፋልቱ ያዘው። ፌሮው ደግሞ ጫፉን ወደ ሰው ዓይን አድርጎ ተጋደመ። እግረኛው አስፋልት ላይ ወረደ፤ ባጃጁ በእግረኛው ላይ ጡሩምባውን ነፋ፤ እግረኛው ባጃጁን ሰደበ። በዚህ ሁኔታ ወራት አለፉ። ባለሀብቱን ሄጄ ባናግረው «እህቴ፣ ከተማ ሲያድግ ትንሽ መቸገር አለ» ብሎ አሰናበተኝ።

አንድ እሑድ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠጠሩን እዞራለሁ ብለው ተንሸራተው ወደቁ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ደግፎ አመጣቸው። ጉልበታቸው ተልጦ ደም ይዞ ነበር፣ ጋቢያቸው ጭቃ ሆኗል። «ምንም አልሆንሁም» አሉ። እሳቸው ምንም አልሆንሁም ሲሉ እኔ ይብስብኛል። ጉልበታቸውን አጥቤ እንደጨረስሁ ወረቀት አወጣሁ።

ያንን ማመልከቻ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። «አቅመ ደካማ የሆኑት አረጋዊ አባቴ ለከፍተኛ አደጋ በመጋለጣቸው፣ የሕዝብ የሆነው የእግረኛ መንገድ በደንቡ መሠረት እንዲከፈትልን…» ይላል። አቅመ ደካማ የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሬ ትንሽ ቆም ብሎ ነበር። ቢሮ የተቀመጠ ሰው ካላሳዘኑት አይነሣም ብዬ እንዳለ ተውሁት። መብት አይለመንም የምለው እኔው ነኝ።

የማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ በር ላይ ማንኛውም ማመልከቻ በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ጽሑፉን እዚያ ቆሜ ብዙ ጊዜ ስላነበብሁት ሳላስበው ሸምድጄዋለሁ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። አንድ ቀን ኃላፊው አሉ፣ መዝገብ ቤቷ የለችም። አንድ ቀን ሁለቱም አሉ፣ ማመልከቻው የለም። «ነገ ተመለሺ» የሚለውን ቃል ስንት ሰው እንደነገረኝ ብጠየቅ አላውቀውም። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ የነገውን ነገ እመለሳለሁ። በመጨረሻ «ኮሚቴ ይወጣል» አሉኝ፤ ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ እየተፍነከነክሁ ነበር።

ኮሚቴው በገበያ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ወጣ። አንድ ሰብሳቢ፣ ሜትር የያዘ አንድ ባለሙያ፣ ዲጅኖና አካፋ የያዙ ሁለት ወጣት ደንብ አስከባሪዎች ናቸው። በዚያኛው ጎን የሚጎራበቱን ሙስሊም ባለሱቅ፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ሰዎቹን ገና ሲያዩ የጨው ጆንያቸውንና የፕላስቲክ ጀሪካናቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። አባቴ መደቡ ላይ ነበሩ። ሰብሳቢው እንደ ደንቡ ማመልከቻዬን ጮክ ብሎ አነበበ። አቅመ ደካማ የሚለው ጋ ሲደርስ አባቴ አንገታቸውን ዞር አድርገው አዩኝ።

ከዚያ አሸዋውን ለኩ። «ባለንብረቱ ለጊዜው ዕቃ የማስቀመጥ ፈቃድ አላቸው» አለ ሰብሳቢው ወረቀት እያገላበጠ።

«እስከ መቼ?» አልሁ።

«ግንባታው እስኪያልቅ።»

«ግንባታው መቼ ያልቃል?»

«እሱ የባለንብረቱ ጉዳይ ነው።»

ቀጥሎ ሜትሩ ወደ እኛ ግድግዳ መጣ። ባለሙያው ከግድግዳው እስከ መደቡ ጫፍ ለካና ቁጥሩን ለሰብሳቢው ነገረው። «ይህስ ፈቃድ አለው?» አለ ሰብሳቢው። ከከተማው ፕላን በፊት የተሠራ ነው አልሁ። ጮህሁም። ሰብሳቢው ግን አልተቆጣም፤ ሰውነቱ የደከመው፣ ጩኸት የለመደ ሰው ነበር። «መምህርት፣ አመልካች ከራሱ ይጀምራል። ባለንብረቱ የከሳሿን ትታችሁ የእኔን ነካችሁ ብሎ ነገ ይከሰናል። አንቺ ያመጣሽው ደንብ ነው» አለኝ። ሕግ ለሁሉም እኩል ነው የሚለውን ለልጆቹ የማስተምረው እኔ ነኝ። ባለሱቁ በራቸው ላይ ቆመው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲሉ ሰማኋቸው።

አባቴ ሳይነግሯቸው ተነሡ። ዲጅኖ የያዘው ወጣት ዲጅኖውን መሬት ላይ አስተኝቶ መጀመሪያ መስቀሉን ተሳለመ። አባቴም እንደ ማንም ሰው አሳለሙትና መረቁት። ከዚያ ልጁ ዲጅኖውን አነሣና የመጀመሪያውን ድንጋይ ፈነቀለ። ድንጋዮቹን በግድግዳችን ውስጠኛ ጎን በሥርዓት ደረደሩልን፤ በዚህ አልወቅሳቸውም። ለባለሀብቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጡት። አሸዋው እዚያው ነው።

ከእራት በኋላ አባቴ «አቅመ ደካማ ብለሽ ጻፍሽብኝ?» አሉኝ።

«እንዲያዝኑ ብዬ ነው አባ።»

«ማን ነው የሚያዝነው? ለማን?»

ሳህኑን አነሣሁ። እሳቸውም ወደ አልጋቸው ሄዱ። ሁለት የገበያ ቀን ቤት ዋሉ፤ ደጅ ላይ ሰው «አባ የሉም እንዴ?» ሲል ከውስጥ ሆነው ይሰማሉ። በሦስተኛው «ወረቀት አምጪ፤ አሁን ደግሞ እኔ የምልሽን ጻፊ» አሉኝ። እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ ጻፍሁ። በገበያ ቀን ብቻ፣ ከማለዳ እስከ ስድስት ሰዓት፣ ለአላፊ አግዳሚው መስቀል ለማሳለም አንዲት ወንበር ዘርግተው እንዲቀመጡ ይፈቀድላቸው ዘንድ ይጠይቃሉ። «ደካማ የሚል ቃል እንዳትጨምሪበት» አሉኝ። ጨርሼ ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ስማቸውን በገዛ እጃቸው፣ ፊደል በፊደል ጻፉ።

እንደገና ቢሮ ለቢሮ ዞርሁ። ቢሮው ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ አለኝ። ቀበሌው ከደብሩ አምጪ አለኝ። ደብሩ ለመቀመጫ ደብዳቤ ጽፎ ስለማያውቅ ተሰብስቦ ተመካከረ፤ በመጨረሻ ግን ጻፈ። ደብዳቤዎቹን አያይዤ ስመለስ ኃላፊው ተቀይረው አዲስ ኃላፊ መጥተዋል፤ ፋይሉ እንደ አዲስ ይታያል ተባልሁ። አባቴ በየገበያው ዋዜማ ጥምጣማቸውን አሳጥበው ያሰጣሉ። «ወጣ?» ይሉኛል ስገባ። «ገና ነው አባ።» «እንግዲህ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል።» ለሰዎቹ ምክንያት የሚፈልጉላቸው እሳቸው ነበሩ። ጉንጫቸው እየጎደለ፣ አንገታቸው እየቀጠነ መምጣቱን እያየሁ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ወደ ቢሮው ሄድሁ። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ፋይሉን ገልጣ አየችና፣ ለመቀመጫ ፈቃድ የሚሰጥ የሥራ ክፍል እንደሌለ ነገረችኝ። ለኮንቴይነር አለ፣ ለጊዜያዊ ዕቃ ማስቀመጫ አለ፣ ሰው ለሚቀመጥበት የለም። ልጅቱ ክፉ አልነበረችም፤ ከልቧ አዝናልኛለች። ወደ ቤት የመጣሁት እግሬ መሬት መንካቱን ሳላውቅ ነው። አባቴ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ የታጠበውን ጥምጣም ጉልበታቸው ላይ አጥፈው ይጠብቁኛል።

«ወጣ?» አሉኝ።

«አዎ አባ፣ ተፈቅዷል» አልኋቸው።

ለምን እንዳልሁት ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ደክሞኝ ነበር። ፊታቸውን ማየት አልቻልሁም። ደግሞም በሆዴ፣ ይህን ሁሉ ቀን የተኛ ሰው ተነሥቶ አይወጣም፣ ተፈቀደልኝ ብሎ ደስ ብሎት ይተኛል ብያለሁ። ይኸውላችሁ፣ እንደ ማመልከቻው ሁሉ በሆዴም አቅመ ደካማ ነው ያልኋቸው። አባቴ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ። ኃላፊውን፣ መዝገብ ቤቷን፣ መደቡን ያፈረሰውን ወጣት ሳይቀር አንድ በአንድ መረቁ። ወረቀቱን አሳዪኝ እንኳ አላሉኝም። የገዛ ልጃቸው ነግራቸዋለች፤ ወረቀት ምን ያደርግላቸዋል?

እስከ ገበያ ሦስት ቀን ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ እንደምንም ብዬ አንድ ማህተም ያለበት ነገር አስወጣለሁ ብዬ ተጽናናሁ። በማግሥቱ ስሄድ ሠራተኛው ሁሉ ሥልጠና ገብቷል። በተከታዩም ቀን ሥልጠናው አላለቀም።

የገበያ ቀን ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ጎረቤታችን ባለሱቁ ናቸው። «ልጄ፣ ወረቀቱን ይዘሽ ቶሎ ነይ። አባትሽ ከእኔ ወንበር ወስደው ተቀምጠው ነበር፤ ሰዎቹ ይነሡ እያሉ ነው» አሉኝ። ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ቁልቁለቱን ስወርድ የምለውን እያሰብሁ ነበር። ወረቀቱ ቢሮ ነው እላለሁ፤ ፊርማ ቀርቶታል እላለሁ። አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት እየደገፍሁ ደረስሁ።

አባቴ መደቡ የነበረበት ቦታ ላይ፣ በባለሱቁ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጥምጣማቸው ነጭ፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ነው። የገበያው ሰው ከቧቸዋል። መደባችንን ያፈረሰው ወጣትና አንድ ጓደኛው አጠገባቸው ቆመዋል፤ የቆሙት እንዳፈረ ሰው ነበር። ወጣቱ እኔን ሲያይ ቀለል አለው። «መምህርት፣ እንዲነሡ ብንጠይቃቸው ፈቃድ አለኝ አሉን። እርግጠኛ ነዎት ወይ ስላቸው፣ ‹ይህን መስቀል ይዤ ልዋሽህ?› አሉኝ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በመስቀል! ከዚህ በላይ ምን እንላለን? ወረቀቱን አንዴ አሳዪንና እንሂድ» አለኝ።

«አሳዪያቸው ልጄ» አሉ አባቴ። ፈገግ ብለው ነበር።

ቦርሳዬን ከፈትሁ። የተማሪ ፈተና ወረቀት ነበረበት፣ ቀይ እስክሪብቶ ነበረበት። የሌለውን ወረቀት ፈለግሁ። አንዱን ኪስ ከፈትሁ፣ ሌላውን ከፈትሁ፣ የመጀመሪያውን ደግሜ ከፈትሁ። ያዘጋጀሁት ውሸት ሁሉ አፌ ላይ ደረቀ። ቀና ስል የአባቴ ፈገግታ ጠፍቷል፤ እኔ ሳልናገር ገብቷቸዋል።

«አልወጣም አባ» አልሁ።

አባቴ መስቀሉን አዩት። ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ጠቀለሉት፣ ብብታቸው ውስጥ ከተቱት፣ የማንንም ክንድ ሳይዙ ተነሡ። ወጣቱ ደንግጦ «ግድ የለም አባ፣ ለዛሬ ይቀመጡ፤ እኛ አላየንም» አላቸው። አሁን ነበር የፈቀደው። የተባለውን ያልሰማች አንዲት ሴት ከኋላ መጥታ፣ የሽንኩርት ማዳበሪያ እንደተሸከመች ግንባሯን ዘንበል አደረገችላቸው። አባቴ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«ሌላ ካህን ፈልጊ ልጄ» አሏትና ገቡ።

ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ። እኔ ከመጋረጃው ውጭ ቆሜ ነበር። አባቴ መስቀል ይዘው፣ ሕዝብ እየሰማ ሐሰት መናገራቸውን ተናገሩ። ማን እንዳሳታቸው ግን ቃል አልተነፈሱም። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁና «የእኔ ኃጢአት ነው፤ የዋሸኋቸው እኔ ነኝ» አልሁ። የንስሐ አባታቸው ተራ በተራ አዩን። አባቴ ወደ እኔ ሳይዞሩ «የአንቺን ለራስሽ ንስሐ አባት ንገሪ። መስቀል የጨበጠው የእኔ እጅ ነው» አሉ። ካህኑ ዕድሜያቸውን አይተው ቀለል ያለ ቀኖና ሊሰጧቸው ፈለጉ፤ አባቴ ግን ስግደት ይጨመርልኝ ብለው ለመኑ። ቀኖናቸውን እስኪፈጽሙ መስቀል ላይጨብጡ ራሳቸው ወሰኑ። መስቀሉ አሁን በመሐረቡ እንደተጠቀለለ ሣጥን ውስጥ ነው።

እኔም ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። የተሰጠኝን ፈጸምሁ፤ አልቀለለኝም። ባለሱቁ በየገበያው ቀን በራቸው ላይ ወንበሯን ያወጣሉ። «አንቱ፣ እኔ ደጅ ይቀመጡ፤ ከእኔ ደጅ ማን ያስነሣዎታል?» ብለው ይጣራሉ። አባቴ ከውስጥ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ይመልሳሉ እንጂ አይወጡም። የቢሮው ሰዎችም ለጥየቃ መጥተው ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰዓቱ የስግደታቸው ሰዓት ነው። በሩ ላይ ስደርስ ድምፁን እሰማለሁ፦ መጀመሪያ ያ የተላጠው ጉልበት ወለሉን ሲነካ፣ ከዚያ ሁለቱ መዳፎች፣ ከዚያ ግንባር። ከዚያ ለመነሣት የሚወስድባቸው ረጅም ጊዜ። እስኪጨርሱ ውጭ እቆማለሁ። ትናንት ግን መነሻው በጣም ስለዘገየብኝ አላስቻለኝም፤ ገባሁና አጠገባቸው ተንበረከክሁ። በመሬት ላይ ያለውን እጃቸውን ያዝሁት።

«ይፍቱኝ አባ» አልኋቸው።

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። «እኔስ መች ተፈታሁ ልጄ» አሉኝ፤ እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡና ግንባራቸውን እንደገና ወደ ወለሉ ዝቅ አደረጉ።